አምስት ፊደል ስለጎደለው ድንጋይ፣ ስማቸው ለተቃናላቸው ጳጳስ

ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለብፁዕ ጳጳስ ዋልተር
(እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጳጳስ ጊልበርት ይባሉ ለነበሩት)
በካቴድራሉ ሰሜናዊ ክንፍ፣ ከሦስተኛው ዓምድ አጠገብ
እንግሊዝ

ጉዳዩ፦ ከሞቱ በኋላ ስምን በማስተካከል ረገድ ያካበቱትን ልምድ እንዲያካፍሉን ስለመጠየቅ

ብፁዕ አባታችን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ሰባት መቶ ዓመት በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ የተንጋለለው ወገብዎ እንደማይቆረጥምዎ፣ የተሰበረው አፍንጫዎም ዳግመኛ የነካው ሰው እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም ደህና ነን፤ ደብዳቤ ላይ እንዲህ ማለት ልማድ ስለሆነ።

እኔ ማቲያስ ወልደአምላክ እባላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እርስዎ አያስታውሱኝም፣ ዓይንዎ ወደ ጣሪያው ነበርና። ባለፈው መጋቢት ከትምህርት ቤታችን የመዘምራን ቡድን ጋር ካቴድራልዎን ስንጎበኝ፣ የወንድሜን ቀይ ጃኬት ለብሼ ከእግርዎ ሥር ከተኛችው የድንጋይ ውሻ አጠገብ ብዙ የቆምኩት ልጅ እኔ ነኝ። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ላቲን አልችልም፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ወንድሜ ለተቀበረበት ስፍራ ቢሮ ዘጠኝ ጊዜ ጽፌ ቋንቋው እንደማይሠራ አረጋግጫለሁ።

ወደ እርስዎ ለመጻፍ የደፈርኩበት ምክንያት አጭር ነው። የወንድሜ የመቃብር ድንጋይ ላይ ስሙ ተሳስቶ ተቀርጿል። ይታረምልን ብለን ስንጠይቅ፣ የስም ማስተካከያ ጥያቄ መቅረብ ያለበት በራሱ በባለስሙ እንደሆነ ቢሮው በትሕትና አስታወቀን። ባለስሙ ሞቷል ብለን ብንመልስ፣ የተሰማቸውን ጥልቅ ኀዘን ገልጸው ያንኑ ደንብ ደግመው ላኩልን። ስለዚህ ይህን ማመልከቻ በሕጉ መሠረት ማስገባት የሚችለው የሞተ ሰው ብቻ መሆኑ ስለገባን፣ በጉዳዩ የተሳካለት ሟች ስናፈላልግ እርስዎን አገኘን።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት። ታላቅ ወንድሜ ዓባይነህ ባለፈው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ወደ ሥራው ሲሄድ ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ሞተ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባታችን ወልደአምላክ ለገሰ ይባላል። ወልደአምላክ አንድ ስም ነው። ቄሱ ሲያወጡት አንድ ነበር፤ ቀበሌ ሲጽፈው አንድ ነበር፤ ከቦሌ ስንነሳም አንድ ነበር። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ኮምፒውተሩ መካከሉ ላይ ባዶ ቦታ ከትቶ ሁለት አደረገው። «ወልደ» መካከል ላይ ተረሳ፣ «አምላክ» መጨረሻ ላይ ቀረ፤ በዚህ አገር ደግሞ መጨረሻ ላይ የቀረ ሁሉ የቤተሰብ ስም ነው። እኔና ወንድሜ ልጆች ሆነን ተሳፍረን፣ በአንዲት ባዶ ቦታ ምክንያት አምላክ ሆነን ገባን።

ከቤተሰቡ በዚህ ነገር የሚስቀው ዓባይነህ ብቻ ነበር። መድኃኒት ቤት «ሚስተር አምላክ!» ብለው ሲጠሩት እጁን ዘርግቶ «አቤት ልጆቼ፣ ሰምቻችኋለሁ» ይል ነበር። አንድ ቀን እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ፒዛ ልንወስድ ገብተን፣ ልጅቷ ካርቶኑን ከፍ አድርጋ «አምላክ! አምላክ!» እያለች ስትጣራ፣ ከፊታችን ተሰልፈው የነበሩ ሁለት የአገራችን እናቶች ደንግጠው አማተቡ። ዓባይነህ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «አይዟችሁ እናቶቼ፣ ለፍርድ አይደለም፤ ፒዛ ልወስድ ነው የመጣሁት» አላቸው። አንደኛዋ በነጠላቸው ጫፍ መቱት። እስከ መኪናው ድረስ እየሳቅን ሄድን።

አሁን ድንጋዩን ልንገርዎት። ድንጋዩ የተቀመጠው ባለፈው ታኅሣሥ፣ መንፈቁ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በዚህ አገር ወግ የቤተሰብ ስም ከላይ በትልቁ ይቀረጻል፤ የሟቹ የራሱ ስም ከሥሩ በትንሹ ይገባል፤ ከዚያ ሁለቱ ዓመታት ይከተላሉ። ትንሹን ጽሑፍ ሣር ስለሚሸፍነው፣ ቆሞ የሚያየው ሰው የሚያነበው እንዲህ ነው፦ «አምላክ። 2001 – 2024።»

ብፁዕ አባታችን፣ እርስዎ የሃይማኖት ሊቅ ስለሆኑ የዚህን ዐረፍተ ነገር ክብደት ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

እናቴ ወይዘሮ ስመኝ እንግሊዝኛ አትናገርም፤ ሆስፒታል በጽዳት ስትሠራ ግን የበር ላይ ስም ፊደል እየቆጠረች ማንበብ ተምራለች። የመንፈቁ ዕለት በዚያ ብርድ ተንበርክካ ፊደሉን በጣቷ እያስከተለች ቆጠረችው፣ አንድ በአንድ። ሲያልቅ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ድንጋዩን አለበሰችው። ቀሲስ ኃይለልዑል መስቀላቸውን እንደያዙ ተጠጉኝና በጆሮዬ «ማቲ፣ ነፍስ ይማር ልል ነበር፤ ግን ማንን ብዬ? የሚምረው ከታች ተቀብሯል ይላል እኮ ድንጋዩ» አሉኝ። አባቴ ደግሞ ወደ መኪናው ስንመለስ «ልጄ አምላክ ቢሆን ኖሮ እኔ እዚህ ምን አቆመኝ» አለ።

ከሦስት ወር በኋላ ነው እንግዲህ እርስዎ ጋ የመጣሁት። አስጎብኚያችን ነጭ ጸጉር ያላቸው በጎ ፈቃደኛ ሴት ነበሩ። ከራስጌዎ ያሉትን ሁለት መላእክት፣ ከእግርዎ ሥር ያለችውን ውሻ፣ ከበላይዎ የተዘረጋውን የድንጋይ ዳስ አሳዩን። ቀጥለውም በግራ ትከሻዎ ላይ አንድ የካቴድራሉ ተማሪ ትምህርት ሲሰለቸው በሰንጢ የፈለፈለውን የራሱን ስም አሳዩን። አንዱ ጓደኛዬ በጣቱ ሊነካው ሲል «ተው! ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ አሁን ቅርስ ነው» ብለው ጮኹበት።

ከዚያ በኋላ ነው ያንን የነገሩን። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ሰሌዳዎ ላይ የሌላ ጳጳስ ስም ተጽፎ ኖሯል፤ ጊልበርት የሚባል፣ እንደ ሰማሁት ከሰው ሁሉ የሚጣላ ሰው። አንድ ጡረታ የወጡ የላቲን መምህር መቃብርዎ ላይ ከተቀረጸው የጋሻ ምስል ስህተቱን አገኙት። የካቴድራሉ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ሦስት ሊቃውንት አራት ዓመት አጠኑ፤ ሰሌዳው ተነቀለ፤ አዲሱ ሲሰቀል በሠርክ ጸሎት ላይ ትክክለኛ ስምዎ ጮክ ተብሎ ተነበበ። አስጎብኚዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ይቅርታም ጠየቅናቸው፤ የሰው ስም አይደል?» አሉ።

ሌሎቹ ወደ መስኮቶቹ ሄዱ። እኔ ከሦስተኛው ዓምድ ጀርባ ትንሽ ቆየሁ። ያ የሰሙት ድምፅ የእኔ ነበር፤ ስለረበሽኩዎት ይቅርታ።

እንግዲህ አቤቱታዎቼን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. እርስዎ ማመልከቻዎን ያስገቡት በየትኛው መስኮት ነው? ፎቶ ያለበት መታወቂያ ጠይቀውዎታል? ካልጠየቁዎት፣ ያለ መታወቂያ የሄደው ጉዳይዎ የእኛን ቢሮ እጅግ ስለሚያስደነግጥ እባክዎ ለማንም አይንገሩ። እኛ የወንድሜን የልደት ወረቀት ከአዲስ አበባ አስመጥተን፣ በአንድ ላይ የተጻፈውን «ወልደአምላክ» አስተርጉመን አቅርበናል። የመዝገብ ክፍል ኃላፊዋ ስልክ ላይ «ግን እኮ አምላክ በጣም ቆንጆ ስም ነው፤ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እግዚአብሔር ማለት ነው አልኳቸው። «ዋው» አሉ። በአምስት ወር ውስጥ ከቢሮው ያገኘሁት ከልብ የመነጨ መልስ ይኸው አንዱ ስለሆነ በክብር መዝግቤዋለሁ።

2ኛ. የወንድሜ ድንጋይ ከመሬት እኩል ነው፤ የሣር ማጨጃው ሳይቆም እንዲያልፍበት ታስቦ የተሠራ ነው። ለማጨጃው የተደረገውን አሳቢነት ሳላመሰግን አላልፍም። እኛ ግን እናቴ ስትመጣ ያ ስም እንዳይታያት የአበባ ማሰሮ እናስቀምጥበታለን። ማጨጃው ሐሙስ ሐሙስ ስለሚያልፍ ማሰሮው ሐሙስ ይነሳል፤ ቅዳሜ መልሼ አስቀምጣለሁ። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ያህል አምላክ እንደ ሞተ ለሕዝብ ይታያል፤ በቀሩት ቀናት ጉዳዩ በአበባ ተሸፍኖ ይቆያል። እርስዎን ከማጨጃ የሚጠብቅዎት ዳስ፣ ሁለት መላእክትና አንዲት ውሻ አሉዎት። ውሻዋን ለአንድ ሰኔ ብቻ ቢያውሱን ውለታዎን አንረሳም።

3ኛ. የምንጠይቀው ድንጋዩ እንዲቀየር አይደለም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለወጥ ቤት ግራናይት የሚቆርጡት ጋሽ ሱሃይብ፣ ከአባቴ ጋር አብረው ታክሲ ይነዱ የነበሩ የወሎ ሰው፣ ሜትራቸውን ይዘው መጥተው ለኩት። ከ«አምላክ» በስተግራ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደል የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ። ትንሽ ያጋድላል እንጂ «ወልደ» ትገባለች። ጋሽ ሱሃይብ አቧራውን ከጉልበታቸው እያራገፉ «አብሽር ማቲ፣ ድንጋይ ተሳስቶ አያውቅም፤ የሚሳሳት ጸሐፊ ነው። ይኸው ቦታውን ትቶልሃል» አሉኝ። በነጻ እንዲሠሩት ብንጠይቅ፣ ከውጭ የመጣ ቀራጭ ድንጋይ የሚነካው በባለስሙ ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ቢሮው አስታወሰን። ባለስሙን በድጋሚ አስታወስናቸው። ኀዘናቸውን በድጋሚ ገለጹ።

4ኛ. ቢሮው በእያንዳንዱ መልሱ መጨረሻ ላይ «ንድፉ በቤተሰቡ ጸድቋል» የምትል አንዲት መስመር ይጨምራል። ይህችን መስመር ለአምስት ወር ለወላጆቼ ስተረጉም ዘልያታለሁ። ለጳጳስ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን መዝለል ከበደኝ።

ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።

በቤታችን ፎርም የሚሞላው ዓባይነህ ነበር፤ የኢንሹራንሱን፣ የትምህርት ቤቴን፣ አባባ መንጃ ፈቃድ ሲያድስ የእሱን። የቀብሩን ጉዳይ ልንጨርስ ቢሮው የሄድን ቀን ጠረጴዛው ላይ ፎርም ሲቀርብልን ሁላችንም በልማድ እሱን ፈለግነው። አባባ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። እማዬ ግድግዳውን ታያለች። እኔ እስክሪብቶውን አነሳሁና ከዓባይነህ መንጃ ፈቃድ ላይ ገለበጥኩ፦ የመጨረሻ ስም፣ አምላክ። በኋላ የድንጋዩ ንድፍ በኢሜይል ሲመጣ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። «አጽድቅ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ ነበረው። ስሙን አየሁት፤ ትክክል መሰለኝ፤ ተጫንኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ መምህራን ሚስተር አምላክ ሲሉኝ አቤት ብዬ፣ ስሜ ስህተት መሆኑን ረስቼው ነበር።

እናቴ ቢሮው ያጠፋ ይመስላታል። በየእሑዱ ቢሮውን ትረግማለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን እላለሁ። ይህ ግልጽ ደብዳቤ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ሲወጣ ሰው ስለሚያነብላት፣ ከዛሬ ጀምሮ እርግማኑን ለባለቤቱ ማድረስ ትችላለች።

ሆኖም ስህተቱን የሠራሁት እኔው ስለሆንኩ፣ ሲታረም ማየትም የእኔ ድርሻ ነው። ብፁዕ አባታችን፣ ወልደ ማለት ምን እንደሆነ ልንገርዎት። ልጅ ማለት ነው። ድንጋዩ ላይ የተወለደበት ዓመት ትክክል ነው፣ የሞተበት ዓመት ትክክል ነው፣ ግራናይቱም ጥሩ ግራናይት ነው፤ «ልጅ» የምትለዋ ቃል ብቻ ቀርታለች። እናቴ መላእክት አልጠየቀችም፣ ዳስ አልጠየቀችም። እዚያ የተኛው ልጅ መሆኑ ይጻፍልኝ ነው የምትለው።

የወንድሜ ሙት ዓመት ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን ነው። ከዚያ በፊት፣ አቤት ማለቱ ባያስቸግርዎት፣ እንደ አንድ የተከበረ ሽማግሌና አማላጅ ሆነው ለቢሮው አንድ ቃል እንዲጽፉልን፣ ወይም ዓባይነህን እዚያ በቅርብ ካገኙት ፎርሙን ራሱ እንዲሞላው እንዲነግሩልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ፎርም መሙላት ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ፒዛ ካለ እጁን ዘርግቶ ስለሚመጣ አያጡትም።

በመጨረሻም ምስጋናዬን ላቅርብ። ኀዘኑን ዘጠኝ ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል የገለጸልንን ቢሮ፣ አንድ ሐሙስም ሳያርፍ ሣሩን በሰዓቱ የሚያጭደውን ማጨጃ፣ ባዶ ቦታ ከትቶ የአባቴን ስም ለሁለት የከፈለውን ኮምፒውተር፣ እንዲሁም ሁለት መቶ ዓመት ተሳስቶ የቆየ ስም ሊታረም እንደሚችል እንዳውቅ ያደረጉኝን እርስዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ በስተቀር ሁሉም ምስጋናዬን የሚገባውን ያህል ይረዱታል ብዬ አምናለሁ።

ሰላምዎ እንደ ድንጋይዎ የጸና፣ ስምዎም ከእንግዲህ ማንም የማይነካው ይሁን እያልኩ፣ ከእግርዎ ሥር ካለችው ውሻም ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ማቲያስ ወልደአምላክ ለገሰ
(በትምህርት ቤት መዝገብ፦ ሚስተር አምላክ)
የዓባይነህ ወንድም

ግልባጭ፦
ለመካነ መቃብሩ ቢሮ፣ የመዝገብ ክፍል (ከይቅርታ ጋር፣ ባለስሙ ስላልፈረመበት)
ለቀሲስ ኃይለልዑል
ለአባቴ ለአቶ ወልደአምላክ ለገሰ፣ በአንድ ላይ ለተጻፉት
ለእናቴ ለወይዘሮ ስመኝ (እማዬ፣ ከ4ኛ ቁጥር በታች ያለውን ቁጭ ብለሽ አስነብቢው)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ማጨጃው ሐሙስ ሰኔ 12 ያልፋል፤ ሙት ዓመቱ ቅዳሜ ነው፤ በመካከላቸው አርብ አለች። ጋሽ ሱሃይብ መሮና መዶሻ አውሰውኛል፤ ለምን ብለው አልጠየቁኝም፣ «አብሽር» ብቻ አሉ። ሱቃቸው ኋላ በተጣለ የወጥ ቤት ግራናይት ላይ አምስት ቅዳሜ ተለማምጃለሁ። የመጀመሪያዋ ፊደል፣ ደብልዩዋ፣ አራት ሰያፍ መስመር ስላላት ታስቸግራለች፤ አራቱን ችያቸዋለሁ። መልስ እስከዚያ ካልመጣ፣ ቢሮው ስለ እኔ ሦስት መቶ ዓመት ብቻ እንዲታገሥ ይንገሩልኝ። ከዚያ በኋላ ቅርስ ስለሚሆን መንካት ክልክል ነው።